ክፉ ቀንን ስናስተምር ተማሪውን ምን እንጠይቀው?

ጥያቄው፦ «የ11ኛ ክፍል ታሪክ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 62 ተማሪ አለ። ስለ ክፉ ቀን (በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ አልቆ አገር ስለተራበበት ዘመን) ካስተማርኩ በኋላ ‹በዚያ ዘመን ብትኖሩ ኖሮ ምን ይሰማችሁ ነበር?› ብዬ አጻፍኳቸው። አብዛኞቹ ‹በጣም አዝን ነበር፤ አሁን ስላለሁበት ፈጣሪን አመሰግናለሁ› ብለው በሁለት መስመር ጨረሱ። አንድ ልጅ ባዶ ወረቀት ሰጥቶኝ ወጣ። በኋላ ስሰማ ቤታቸው የሚበላ የሚቸግርበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲህ ርዕሱን ፈራሁት። ተማሪ እንዲያስብ የሚያደርግ፣ ግን ልጅ የማይጎዳ ጥያቄ እንዴት ይወጣል? ክፍለ ጊዜዬ ደግሞ ከምሳ በፊት የመጨረሻው ነው፤ ልጆቹ ይደክማሉ።»

መምህርት፣ መጀመሪያ ስለዚያ ባዶ ወረቀት። ከ62ቱ ውስጥ በእውነት የመለሰው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ሌሎቹ እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን ገምተው ጻፉ። አልፈርድባቸውም። «ምን ይሰማችሁ ነበር?» ሲባሉ ከ«አዝን ነበር» ውጪ ምን ይበሉ?

እኔም እዚሁ ላይ ተሰናክዬ አውቃለሁ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት «ራሳችሁን በክፉ ቀን እንደነበረ ገበሬ ቆጥራችሁ የአንድ ቀን ማስታወሻ ጻፉ» አልኩ። አንድ ልጅ እንባ የሚያስመጣ ጽሑፍ ይዞ መጣ። እናት ልጇን አቅፋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰማዩ ይከብዳል፤ መጨረሻ ላይ ዝናብ ጠብ ይላል። አስር ከአስር ሰጠሁት። ለክፍሉም አነበብኩላቸው። ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን አወጣችና «ዝናቡ ከመጣ በኋላ በምን አረሱ?» አለች። ልጁ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ያን ሁሉ ገጽ ስናገላብጥ አንድም በሬ የለም። ስለ ክፉ ቀን ተጽፎ በሬው የማይነሳበት ድርሰት ነው አስር የሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስሜት ከመጠየቄ በፊት ስለ በሬው እጠይቃለሁ። ተማሪ ሰዎቹ ምን እንዳጡ፣ ምን አማራጭ እንደነበራቸውና የትኛውን እንደመረጡ ካወቀ ስሜቱ ራሱ ይመጣል። ሳያውቅ ስሜት ከጠየቁት የቴሌቪዥን ድራማ ያመጣልዎታል።

ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ነገሩን በቅጡ ያስይዟቸው። ክፉ ቀን የምንለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አካባቢ ያለውን ነው። ዝናብ ጠፍቷል፤ አንበጣና ተምችም መጥተዋል። ግን ከሁሉ ቀድሞ የገባው የከብት በሽታ ነው። ጣሊያኖች በ1877 ምጽዋን ይዘዋል። በ1879 ዶጋሊ ላይ ከተመቱ በኋላ ብዙ ጦር አመጡ። በሽታው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ከውጭ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል እንደገባ ነው በሰፊው የሚታመነው። ከዚያ ደጋውን ወጥቶ ወደ ደቡብ ወረደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። የኬንያና የታንዛኒያ ከብት አርቢዎች ማሳዮች ያንን ዘመን «ኤሙታይ» ይሉታል፤ ጠራርጎ ማጥፋት እንደማለት ነው። በእኛ አገር ከአስር ከብት ዘጠኙ አለቀ የሚሉ ግምቶች አሉ።

የበሽታውን ስም ለተማሪዎቹ መንገር አይርሱ። ባላገሩ «ደስታ» ይለዋል። አዎ፣ ደስታ! ይህን ስነግራቸው ክፍሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አንድ ጥሩ የማሰላሰያ ጥያቄ እዚህ ላይ በነጻ አገኙ፦ «ሰው ከብቱን የሚጨርስበትን በሽታ ለምን ደስታ ብሎ ይጠራዋል?» አንዱ «በስሙ ከጠሩት ይመጣል ብለው ፈርተው ነው» ይላል። ሌላው አያቱ እባብን በስሙ እንደማይጠሩ ያስታውሳል። አንድ ትክክለኛ መልስ አይጠብቁ። ነገር ግን ልጁ ስለ ሌላ ሰው ፍርሃት እያሰበ ነው፤ የራሱን ጓዳ ግን ማንም አልጠየቀውም። (በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ከምድር የጠፋ በሽታ ነው። ይህን ሲሰሙ የሚያጨበጭቡ ክፍሎች አጋጥመውኛል።)

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ። እኔ የምሠራው በቁራጭ ወረቀት ነው። አንድ የደብተር ገጽ ስምንት ቦታ ቀድጄ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር እጽፋለሁ፦ በሬው ሞተ። መቀናጆ የሚሆን ጠፋ። መሬቱ ጦሙን አደረ። የእህል ዋጋ ሰማይ ወጣ። ለዘር የተቀመጠው ተበላ። ወታደር ቀለብ ጠየቀ። አንበጣ ወረደ። ቤተሰቡ ቀዬውን ጥሎ ወጣ። ስምንት ስምንት እየሆኑ ይቀመጡና ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል ይደርድሩ። ለ62 ልጅ ስምንት ቡድን ይበቃል። ድርደራው ላይ መጣላታቸው አይቀርም። እንዲጣሉ ነው የተሰጣቸው።

የከተማ ልጆች ከሆኑ መቀናጆን ያስረዱ። አንድ በሬ ያለው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር አቀናጅቶ ተራ በተራ የሚያርስበት ውል ነው። አንዱ በሬ ሲሞት የተጎዳው ቤት ሁለት ነው። ገጠር ያደገ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካለ በዚህ ሰዓት ጀግና ነው። አንድ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ተነስቶ ሞፈርና ቀንበር እንዴት እንደሚገጠም በሁለት እስክሪብቶና በአንድ ማስመሪያ አሳየን። ከዚያ «አንድ በሬ ብቻውን ምንም ነው» አለና ተቀመጠ። የመማሪያ መጽሐፉ በግማሽ ገጽ ያልነገረንን ነገረን።

ድርደራው ሲያልቅ ጥያቄው ይመጣል፦ «ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ቆርጣችሁ ማውጣት ብትችሉ የቱን ትቆርጡ ነበር? ማን ነበር ሊቆርጠው የሚችለው?» የጥያቄው ጉልበት ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። «በሬው እንዳይሞት» ለሚል ቡድን «ማን ያድነው? የከብት ሐኪም ማን ነበር?» ይበሉት። «ወታደሩ ቀለብ እንዳይጠይቅ» ያለ ቡድን ካለ ደግሞ ጥሩ ቦታ ላይ ደርሷል። ያኔ ወታደር ገበሬ ቤት እየተመራ ይቀለብ ነበር። በክፉ ቀን መጨረሻ ላይ ምኒልክ ገበሬው ከምርቱ አስራት እንዲያገባና ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ አዘዙ። ረሃብ ግብርን ለወጠ ማለት ነው። ተማሪው ይህን በራሱ ከደረሰበት ፈተና ላይ አይረሳውም።

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ግን ይኸኛው ነው፦ «ለዘር ያስቀመጠውን የበላ ገበሬ ተሳስቷል?» መልሱን በሦስት መስመር፣ «ምክንያቱም» የሚል ቃል ያለበት አድርገው ይጻፉት። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። «ዘሩን ከበላ የሚቀጥለውን ዓመት በላ» የሚል አለ። «ልጁ ከሞተ ለማን ይዝራው?» የሚል አለ። አንዷ «በሬ ከሌለው ዘሩ ምን ያደርግለታል?» ብላ ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኘች። እዚህ ላይ ማንም «አዝን ነበር» አይልም። ሐዘኑ ግን ክፍሉ ውስጥ አለ፤ ይሰማዎታል።

ስለ ምንጭም ጠይቋቸው። «የሕዝቡ አንድ ሦስተኛ አለቀ» የሚለው ሁሉም መጽሐፍ ላይ አለ። ተማሪዎቹን «ማን ቆጠረ?» ይበሏቸው። ያኔ የሕዝብ ቆጠራ አልነበረም። አሃዙ ግምት ነው። ግምት መሆኑ ግን ረሃቡን ውሸት አያደርገውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ለ11ኛ ክፍል ልጅ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጧቸው። ቀጥለው የጻፈው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ጽፏል። የውጭ አገር መንገደኞችና ሚስዮናውያን ጽፈዋል። መቀናጆ ያጣው ገበሬ አልጻፈም። «እሱ ቢጽፍ ኖሮ ምን ብሎ ይጀምር ነበር?» ይህ ከማስታወሻ ድርሰቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን አሁን ልጁ የሚጽፍበት ነገር አለው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያጽፏቸው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ድራማው ይመለሳል።

በዜና መዋዕሉ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። ሹሙ ሁሉ እንዲከተል፣ ሰው በሬ ባይኖረውም ቆፍሮ እንዲዘራ ነው። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት እንዳይከፈል ይጠንቀቁ። አንዱ ወገን ንጉሡን ሊያሞግስ፣ ሌላው ሊያወግዝ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱም ከስልክ የሸመደዱት አለ። እኔ ወደ ዶማው እመልሳቸዋለሁ። «አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰውን መሬት አንድ ሰው በዶማ በስንት ቀን ይጨርሰዋል? ያ ሰው ያልበላ ከሆነስ?» ምልክትና መፍትሔ ሁለት ነገር መሆናቸውን ያኔ ራሳቸው ይናገራሉ። ምልክት ዋጋ የለውም አላልኩም። ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ይመዝኑት ነው የምለው።

ጎበዝ ክፍል ካለዎት አንድ እርምጃ ይጨምሩ። ያለቁት ከብቶች የተተኩት ከየት ነው? በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ዘመቻ ብዙ ከብት ተማርኳል። የአንዱ አገር ክፉ ቀን ማለፊያ ለሌላው ክፉ ቀን መጀመሪያ ሊሆን ይችላል? ይህን ጥያቄ እኔ ለሁሉም ክፍል አላነሳም። ልጆቹ ተከባብረው መነጋገር ሲለምዱ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ነው። እርስዎ ክፍልዎን ያውቁታል።

አሁን ስለዚያ ልጅ። እኛ አገር ረሃብ ስናስተምር ረሃብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን እንደሚችል አንርሳ። የትምህርት ቤት ምገባ ያለ ምክንያት አልተጀመረም። ስለዚህ ሦስት ነገር አልጠይቅም። «ቤታችሁ ቸግሯችሁ ያውቃል?» አልልም። «ቁርስ ያልበላ እጁን ያውጣ» የሚል መምህር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ነገሩን ለማቅረብ ብሎ ነው፣ ግን እጁን ማን ያወጣል? «እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፣ አመስግኑ» ብዬም አልጨርስም። ለተቸገረው ልጅ ይህ ስድብ ነው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚባለው እኛንም መምህራንን ይመለከታል።

በዚህ ፈንታ ከራስ የራቀ፣ ግን ኑሮን የሚነካ ጥያቄ ይሻላል። ለዚህ የ1965 እና የ66ቱ የወሎ ረሃብ ከክፉ ቀን ይልቅ ይመቻል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ወሎ ሄደው አይተው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ጉዳዩ ግን ለብዙ ወራት ተዳፍኖ ነበር። በ1966 ጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ዓለም አወቀው። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ ሲያጠና አንድ የሚገርም ነገር አገኘ። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ይወጣ ነበር። ሰው በመኪና መንገዱ ዳር ተሰልፎ ምግብ እየለመነ፣ የእህል መኪና በአጠገቡ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ማሳው የደረቀበት ገበሬ ለራሱ የሚበላው አጣ፤ ሸጦ የሚገዛበትም የለውም። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ዋጋ አያስወድድም፤ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። በአዋሽ ዳር ደግሞ አፋሮች የበጋ ግጦሻቸው ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተወስዶባቸው ነበር።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «እህል ገበያ ላይ ካለ ሰው እንዴት ይራባል?» የዛሬ ተማሪ ይህን ለመመለስ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሱቅ ሙሉ ሆኖ ኪስ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያውቃል። ስለ ቤቱ ማንም ሳይጠይቀው ያወቀውን ይዞ ይገባል። ከፈለገ «ጎረቤታችን» ብሎ ያወራል። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አይመርምሩ።

ሂሳብ ይጨምሩበት። ይህ ለመልመጃ የፈጠርኩት ቁጥር ነው፤ እንደዚያ ብለው ይንገሯቸው። በደህናው ጊዜ አንድ ፍየል ተሽጦ 60 ኪሎ በቆሎ ይገዛል። በክፉው ጊዜ ሁሉም ፍየሉን አውጥቶ ስለሚሸጥ፣ ፍየሉም ስለከሳ፣ 15 ኪሎ ብቻ። ቤተሰቡ ስድስት ነው፤ በቀን 3 ኪሎ ይበላል። አንድ ፍየል ስንት ቀን ያኖራል? ድሮ 20 ቀን፣ አሁን 5 ቀን። አምስት ፍየል ያለው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ምንም የለውም። ሰሌዳው ላይ ይህን ሲያዩ አንድ ልጅ «ታዲያ ለምን ቶሎ አልሸጡም?» ይላል። ያንን ጥያቄ አይመልሱት። ለሌላው ልጅ ያስተላልፉት።

የቤት ሥራ መስጠት ከፈለጉ «ቤተሰባችሁ ረሃቡን እንዴት አለፈ?» አይበሉ። ያ ቁስል ሊነካ ይችላል፤ በተለይ የሰባ ሰባቱ። ገና ትዝታው ያለቀቃቸው ወላጆች አሉ፤ በሰፈራ ከቀዬያቸው የሄዱም አሉ። እኔ የምሰጠው ቃል ፍለጋ ነው። «በአካባቢያችሁ ትልልቅ ሰዎች የችግር ዓመትን በምን ስም ይጠሩታል? በችግር ጊዜ የሚበላ፣ በደህናው ጊዜ የማይነካ ተክል አለ?» አንዱ ሳማ ይዞ ይመጣል፣ እጁ እያሳከከው። ሌላው አያቱ ሲመርቁ «ከክፉ ቀን ይሰውርህ» እንደሚሉና ቃሉ ከየት እንደመጣ ዛሬ ገና እንደገባው ይጽፋል። የሚጠይቀው ሽማግሌ ከሌለ የሰፈሩን ዘበኛ ወይም ባለሱቅ መጠየቅ ይችላል። ማንንም መጠየቅ የማይፈልግ ልጅ ደግሞ ሌላ አማራጭ ይኑረው፤ ለምን ብለው አይጠይቁት።

እርማቱ ቀላል ነው። ስሜት አላርምም። «ምክንያቱም» ካለው አንድ፣ ከተማርነው አንድ እውነተኛ ነገር ከጠቀሰ አንድ፣ የሌላውን ሰው ሐሳብ አንስቶ ከተከራከረ አንድ። ሦስት ነጥብ በቃ። 62 ወረቀት በዚህ መንገድ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ እራትም ይደርሳል። ባዶ ወረቀት ከመጣ ዜሮ አልጽፍም፤ «ስትፈልግ በቃል ንገረኝ» ብዬ እመልሰዋለሁ። አንዳንዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሪደር ላይ ይነግርዎታል። አንዳንዱ በጭራሽ አይነግርዎትም።

ስለ ክፍለ ጊዜው ደግሞ፣ እባክዎ ይህን ትምህርት ከምሳ በፊት አያስተምሩት። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በዚያ ሰዓት ስለ እህል ሲወራ መስማት የለበትም። ከሂሳብ መምህሩ ጋር ለሁለት ቀን ተቀያየሩ። እሱ ጠዋት የነበረውን ይስጥዎት፤ ሒሳቡን በተራቡበት ሰዓት ይማሩት። የፍየሉን ስሌት አብሮዎት ሊሠራም ይችላል።